ምንም አይጎድለንም

እናቴ የምትደውለው እሁድ እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ እንደምትደውል ከትንፋሿ አውቃለሁ። መጀመሪያ የብርዱን ነገር ትጠይቀኛለች፤ ቀጥላ የሥራውን። ከዚያ ሁልጊዜ ያችኑ ጥያቄ ታመጣለች፦ «ምን ጎደለሽ?»

«ምንም» እላታለሁ። «አንቺስ?»

«እኔማ ምን ይጎድለኛል? ይኼ ቤት መች ሰው አጥቶ ያውቃል!»

እንዲህ ተባብለን ስልኩን እንዘጋለን። አምስት ዓመት ሙሉ ያወራነው ይህንኑ ነው።

ሮቤ የመጣሁት በምደባ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ ብርዱ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ እሁድ ነው። በሥራ ቀን ቢሮ አለ፣ የሚጣሉት ሰው አለ፣ የጠፋ ፋይል አለ። እሁድ ግን እናቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ እስከ ሰኞ ጠዋት ስሜን የሚጠራ ሰው አይኖርም። አንዳንዴ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎባ እሄድና ላይ ታች ብዬ እመለሳለሁ። ጎባ ምን ጉዳይ ኖሮኝ? ምንም። መንገድ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «ትንሽ ጠጋ በይ» ሲለኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

የተከራየሁት ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ አከራዮቼ ራት ሲበሉ የሚያወሩት ሁሉ ይሰማኛል። ሴትየዋ ልጆቿን ስትቆጣ፣ ባሏ ሲስቅ፣ አንዱ ልጅ የሌላውን ድርሻ ነጥቆ ሲያስለቅሰው። እኔ ሽሮዬን ከነድስቱ አቅርቤ እበላለሁ። ለአንድ ሰው ብሎ ሳህን ማቆሸሽ ምን ይባላል?

ሥራዬ ማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ለአንድ ሰፈር የሚበቃ አንድ ቦኖ ለማቆም የሚሆን ዕቃ ተገኘ፤ ውሃ የሚጠይቁት ሰፈሮች ግን ሦስት ነበሩ። አንዱ እኔ የምኖርበት የአስፋልቱ ሰፈር ነው፤ ነጋዴውና የቢሮ ሠራተኛው የሚበዛበት። ሁለተኛው ከገበያው ጀርባ ያለው ነው። ሦስተኛው ከተማው አልቆ የስንዴ ማሳው የሚጀምርበት ጥግ ላይ ያለው ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ኃላፊው ቢሮ ገብቶ የበለጠ የጮኸው ሰፈር ይወስድ ነበር። እኔ ደግሞ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ስብሰባ ላይ ብድግ አልኩና «ለምን ነዋሪውን ቤት ለቤት ሄደን አንጠይቅም?» አልኩ። ኃላፊያችን የጎባ ሰው ነው። ጠዋት በሚኒባስ ይመጣል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው። «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ መጠይቁን አንቺው አዘጋጂው» ብሎ ተገላገለኝ።

አዘጋጀሁት። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር። ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «በዚህ ቤት ያለው ችግር ምንድን ነው?» የሚል ነው። ከሥሩ ውሃ፣ መብራት፣ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ እያለ ይወርዳል። የመጨረሻዋ ሳጥን «ምንም ችግር የለም» ትላለች። ያችን ሳጥን ያስገባኋት ለወጉ ያህል ነው። ማን ይመርጣታል ብዬ?

ሁለቱን ሰፈሮች ባልደረቦቼ ተከፋፈሉ። የማሳው ጥግ ሩቅ ነው፤ የበልግ ዝናብ ሲጥል ጥቁር አፈሩ ጫማ ያስቀራል፤ ባጃጅም እምቢ ይላል። ሁሉም ቤቱ የሚጠብቀው ሰው አለው፤ ምሳ ደርሶ መመለስ ይፈልጋል። እኔን የሚጠብቀኝ ስለሌለ እኔ ወሰድኩት። ይህን ምክንያቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ «ለእግር ጉዞ ይሆነኛል» ነው ያልኩት።

እዚያ ካሉት ቤቶች አንዱ የአንዲት አሮጊት ነው፤ የደረስኩበት ማክሰኞ ቀን ነው። ዝናቡ ድንገት ወረደና በሯ ሥር ተጠጋሁ። እሷ ከውስጥ አየችኝ።

«ኮቱ፣ ኮቱ! ግቢ፣ ልጄ! ዝናብ ምን ያደርግልሻል?»

አማርኛዋ ገበያ የተማረችው ነው፤ ግማሹ ኦሮምኛ ሆኖ ይመጣል፤ ግን ከእኔ ኦሮምኛ በጣም ይሻላል። ጫማዬን አስወልቃ እሳቱ አጠገብ አቆመችው። ከዚያ ሰላምታው ጀመረ፤ ነጋ በእነሱ ቋንቋ ሰላም ማለት ነው። ነጋ ነሽ? ነጋ። እናትሽ ነጋ ናት? ነጋ። አገርሽ፣ ዘመድሽ፣ ሥራሽ? ሁሉም ነጋ፣ ሁሉም ሰላም። እኔም በተራዬ ጠየቅኋት። ልጆችዎ? ነጋ፤ አንዱ ደሎ መና ይነግዳል፣ አንዷ ተድራ ሄዳለች። ከብቶችዎ? ነጋ። ባለቤትዎ? «ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ይህን ስትል ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሽማግሌ ይስል ነበር። ሳሉ ቶሎ አልቆመም። እሷ ዞር ብላም አላየችም።

ወተት ስታቀርብልኝ እጇን ሰብስባ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «ዛሬ ጾማችሁ አይደለም አይደል?»

እሷ ሙስሊም ናት። የእኔን ጾም ከእኔ ይልቅ የተጠነቀቀችለት መሰለኝ፤ ከልጅነቴ ወዲህ ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። «አይደለም እማማ» ብዬ ጠጣሁ። ወተቱ ሞቅ ያለ ነበር። ሳልፈልግ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጭሱ ነው አልኩ። ከዚያ መጠይቁን አወጣሁ።

«እማማ፣ በዚህ ቤት ምን ችግር አለብዎት? ውሃ፣ መብራት፣ መንገድ…»

«ምንም። ነጋ ነው። ምንም አይጎድለንም።»

«ውሃም?»

«ምንም አልኩሽ።» ሳቅ አለች። «አንቺስ? አንቺ ምን ይጎድልሻል?»

«እኔም ምንም» አልኩና የመጨረሻዋ ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ። በሩ አጠገብ ገመድ የታሰረበት ጄሪካን ቆሞ ነበር። አይቼዋለሁ። ገመዱ ደረት ላይ በሚያርፍበት በኩል በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደነበር ሁሉ ዛሬ ድረስ ትዝ ይለኛል። ያን ቀን ግን የምጽፈው የተባልኩትን እንጂ ያየሁትን አልነበረም።

በዚያ ሰፈር ያልተቀዳልኝ ወተት፣ ያልቀረበልኝ ጩኮ የለም። ገብሱ በቅቤ ታሽቶ እጄ ላይ ይደረጋል፤ ሰላምታው ይወርዳል፤ እኔ እጠይቃለሁ፤ «ምንም፣ ነጋ ነው» ይሉኛል፤ ምልክት አደርጋለሁ። ሥራው ፈጥኖ ስላለቀልኝ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ማታ ሽሮዬን እየሠራሁ ስለነዚያ ሰዎች አስባለሁ፤ ምንም ሳይኖራቸው ምንም የማይጎድላቸው ብዬ አደንቃቸዋለሁ። ሞኝነቴ!

ውጤቱ ሲደመር የአስፋልቱ ሰፈር አንደኛ ወጣ። የእኔ ሰፈር ሰው ቢሮ ያውቃል፣ ማመልከቻ ያውቃል፤ ወረቀት ሲያይ ያለውንም የሌለውንም ይዘረዝራል። ግቢያችን ቧንቧ አለው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚቋረጥ አከራዬ «ውሃ የሚባል አናውቅም» ብላ አስመዝግባለች። የማሳው ጥግ መጨረሻ ሆነ። ቦኖው ወደ እኛ ሰፈር ሊሄድ ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ግን ቁጥሩን የደመርኩት እኔው ነኝ፣ ስህተት የለበትም።

ነዋሪው ተጠርቶ አዳራሹ ሞላ። ኃላፊው ውጤቱን አነበበ። አንብቦ ሳይጨርስ ከኋላ አንድ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ተነሣ።

«ማን ጠየቀን? እኛ ሰፈር የመጣ ሰው የለም! ይቺ ልጅ ሻይ ቤት ቁጭ ብላ ነው የሞላችው። የምትኖረው ደግሞ አስፋልቱ ሰፈር ነው። ውሃውን ወደ ቤቷ ልትወስድ ነው!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ያ ሰው እኔ በሄድኩባቸው ቀናት እርሻ ላይ ነበር፤ ሚስቱ ናት ጩኮ ያቀረበችልኝ። ይህን መናገር እችል ነበር። ይልቅ የሚመሰክርልኝ ሰው ፈለግሁ። ባልደረቦቼን አየኋቸው፤ አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው ጣሪያውን። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል «እኔ አውቃታለሁ» የሚል ይኖራል ብዬ መጠበቄ ራሱ አሳፈረኝ። በከተማው አምስት ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ሰው እንኳ አላፈራሁም።

ከሴቶቹ ረድፍ አሮጊቷ ተነሣች። የጎረቤቷን ትከሻ ይዛ ነው የቆመችው።

«መጥታለች» አለች። «አትዋሽ። በዝናብ መጥታለች። ጫማዋን እኔ ነኝ ያደረቅሁት። ወተት ጠጥታለች። ምንም አይጎድለንም ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። የጻፈችው እኔ ያልኩትን ነው።»

«ለምን እንዲህ አልሽ ታዲያ?» አለ አንድ ሰው።

«እንግዳ ደጄ ላይ ቆማ፣ በዝናብ ርሳ፣ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ… ውሃ የለኝም ልበላት?»

ያ ጎልማሳ ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ያነጋገራት ሰውም ሌላ አልጨመረም፤ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ ከእኔ በቀር። በዚያ አገር ሰላምታ ላይ ጉድለት አይነገርም። ቤት ውስጥ በሽተኛ ቢኖር እንኳ መጀመሪያ ነጋ ይባላል፤ ችግሩ የሚወጣው ቆይቶ፣ ሰው ከሰው ጋር ሲላመድ ነው። እኔ ጥያቄዬን ከሰላምታው ጋር ለጥፌ ጠየቅሁ፤ እነሱም ሰላምታዬን መለሱልኝ። መልሱን በወረቀት ላይ አስፍሬ ውሃቸውን ለሌላ ሰጠሁባቸው።

ያን ጊዜ ተነሥቼ ስህተቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እሷ ስሜን አዳነች፣ ውሃዋን አጣች፤ እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴን ይለበልበኛል።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቢሮ ሳልሄድ ወደ ማሳው ጥግ ሄድኩ። አሮጊቷን ያገኘኋት ከወንዙ የሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ጄሪካኑ ጀርባዋ ላይ፣ ገመዱ ደረቷ ላይ። ልቀበላት ብል እምቢ አለች። ተጨቃጭቀን፣ ጎትቼ ተቀበልኳት። ቤቷ እስክንደርስ ሁለት ጊዜ አውርጄ አረፍኩ። እሷ ሁለቱንም ጊዜ አጠገቤ ቆማ ማሳውን ታይ ነበር፤ እንዳላፍር ብላ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ኃላፊው ቢሮ ገባሁና «መጠይቁ ስህተት ነው፤ ልድገመው» አልኩት።

«ቃለ ጉባኤ ተፈርሟል እኮ!»

«ይፈረማ! ስህተት ተፈርሞ እውነት ይሆናል?»

ሰዓቱን አየ። የሚኒባሱ ሰዓት ተቃርቦ ነበር፤ ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ ሰዓቱን ሊያሳልፍበት ነው። «አንድ ሳምንት። ሦስቱንም ሰፈር። ሌላ ሰው አልሰጥሽም» አለኝ።

ጥያቄዎቹን ሁሉ ሰረዝኳቸው። ችግር የሚለው ቃል ወጣ፤ ጉድለት የሚለውም። በምትኩ የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነው፦ ዛሬ ጠዋት የጠጣችሁት ውሃ ከየት መጣ? ማን ተሸከመው? ስንት ጊዜ ተመላለሰ? ይህ ማንንም አያዋርድም፤ የተሠራ ሥራ ነው፣ ሰው ሥራውን መናገር ይወዳል። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ነገሩኝ። አዳራሹ ውስጥ «ሻይ ቤት ቁጭ ብላ ሞላችው» ያለው ሰውዬ ራሱ በሩን ከፍቶ «ሚስቴ ናት የምትሄደው፣ እሷን ጠይቂ» አለኝና አጠገቧ ቆሞ እሷ ስትናገር ሰማ። የዳገቱን ነገር ያን ቀን ገና የሰማ ይመስል ነበር። አስፋልቱ ሰፈር ስሄድ ደግሞ አከራዬን ከሁሉም ጋር አንድ አድርጌ ጠየቅኋት፤ «ዛሬ ጠዋት ውሃው ከየት መጣ?»

«ከቧንቧው» አለች፤ ከዚያ የምጽፈውን አይታ ፊቷ ተለወጠ።

ቦኖው በመጨረሻ የማሳው ጥግ ቆመ። ወደ ወንዙ የሚወስደው ቁልቁለት ሳይጀምር፣ መታጠፊያው ላይ። አከራዬ ከዚያ ወዲህ ረዘም ላለ ጊዜ ሰላምታ ነሳችኝ፤ ግድግዳው ማዶ ራት ሲበሉም ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ያ ድምፅ ምን ያህል አብሮኝ ይበላ እንደነበር ያወቅሁት ሲጠፋ ነው።

መጠይቁን በደገምኩበት ሳምንት የመጨረሻው ቤት የአሮጊቷ ነበር። ሆን ብዬ ነው መጨረሻ ያደረግኋት። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ወተት አላቀረበችም፤ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ። ሰላምታውን ከነሙሉ ርዝመቱ አደረስን። ወረቀቱን ለማውጣት አልቸኮልኩም። ቆሎው ሲጋመስ ጠየቅኋት።

«ዛሬ ጠዋት ውሃው ከየት መጣ?»

«ከወንዙ።»

«ማን ተሸከመው?»

«እኔ ነኛ።»

«ስንት ጊዜ ወረዱ?»

«ሁለት። አንዱ ለመጠጥና ለወጥ ነው። አንዱ ሽማግሌውን ለማጠብ። ካልታጠበ ጀርባው ይቆስላል።» መጋረጃውን በአገጯ አሳየችኝ። ሰውየው ውስጥ ሆኖ ይሰማል፤ «ነጋ ነሽ?» አለኝ በደከመ ድምፅ፤ «ነጋ» አልኩት።

ጽፌ ጨረስኩና ወረቀቱን አጠፍኩ። ልነሣ ስል ጉልበቴን በእጇ ያዘችው።

«የእኔ ተራ ነው» አለች። «ትናንት ማታ ራትሽን ከማን ጋር በላሽ?»

ምንም ልል ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ ግን «ምንም» መልስ አይሆንም። «ብቻዬን» አልኩ።

«ኮጳ?» አለች በራሷ ቋንቋ፤ ብቻሽን ማለቷ ነው። «ከትናንት ወዲያስ?»

«ብቻዬን።»

«ስትታመሚ በርሽን ያንኳኳ ማነው?»

«ማንም።» ይህን ስል አለቀስኩ። ጭሱ ነው ለማለት እንኳ አልሞከርኩም። ጉልበቴን አልለቀቀችም። ከዚያ ሳቅ አለችና «ያን ማክሰኞ አንቺም ዋሸሽ፣ እኔም ዋሸሁ። ሁለት ውሸታሞች ወተት ጠጣን» አለች። ልቅሶዬ ወደ ሳቅ ዞረ፤ ቆሎው ትን ሊለኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ እናቴ ደወለች። ትንፋሿ እንደ ልማዷ ነው። ብርዱን ጠየቀችኝ። ሥራውን ጠየቀችኝ።

«ምን ጎደለሽ?» አለች።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አምስት ዓመት የተናገርኩት ነው፣ ሳላስበው ይወጣል። ዋጥኩት።

«እማዬ» አልኳት፣ «ትናንት ማታ ራትሽን ከማን ጋር በላሽ?»

ሰው የማያጣው ቤት ነው፤ ከጀርባዋ ግን የሰው ድምፅ አይሰማም። ነጠላዋን ስታወልቅ፣ ወንበር ስትስብ ሰማኋት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። ቆየት ብላ፣ «ብቻዬን» አለች።